ዊንዶውሱ ታደሰ፣ ደብዳቤዎቹስ የት ገቡ?

የአክስቴ ባል ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው። ቁጭ ማለት ስለማይሆንላቸው አሁንም ለሦስት ነጋዴዎች መዝገብ ይይዛሉ። ላፕቶፓቸው «የዊንዶውስ 10 ድጋፍ አብቅቷል» እያለ ሲነዘንዛቸው ሰፈር ላለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ወስደው ሰጡት። ልጁ በአንድ ከሰዓት ዊንዶውስ 11 ጭኖ መለሰላቸው። ማሽኑ ፈጠነ፣ ስክሪኑም አማረ። ማታ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ኢሜይሌ የለም።»

«ፓስዎርዱ ጠፋብዎት እንዴ ጋሼ?»

«ፓስዎርዱማ ደብተሬ ላይ አለ። የሌሉት ደብዳቤዎቹ ናቸው። የስምንት ዓመት ደረሰኝ እኮ ነው!»

በማግስቱ ሄጄ አየሁት። ሁለት አካውንት አላቸው። አንዱ ጂሜይል ነው፤ እሱ ፓስዎርዱን ስናስገባ ከነሙሉ ጓዙ ተመለሰ። ሁለተኛው ከነጋዴዎቹ አንዱ በድርጅቱ ስም የከፈተላቸው ነው። እዚያ የተገኘው የመጨረሻው የ14 ቀን ደብዳቤ ብቻ ነበር። ለምን 14? አንዱስ ሙሉውን ተመልሶ ሌላው ለምን ቀረ? የኢሜይል ፕሮግራም ለመምረጥ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አብዛኛው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ስላለ ከሱ ልነሳ።

ሳጥኑና ቤቱ

በኛ አገር ፖስተኛ በር አያንኳኳም። ፖስታ ቤት ሳጥን ትከራያላችሁ፣ ቁልፍ ትይዛላችሁ፣ እየሄዳችሁ ከፍታችሁ ታያላችሁ። ቸርችል ጎዳና ያለውን ዋናውን ፖስታ ቤት የሚያውቅ ሰው ይኼ አይጠፋውም። ኢሜይልም እንደዚያው ነው። ደብዳቤው መጀመሪያ የሚደርሰው ላፕቶፓችሁ ላይ አይደለም፤ ሰርቨር የሚባል ሩቅ ያለ ማሽን ላይ ነው። ሳጥናችሁ ያለው እዚያ ነው። ኮምፒውተራችሁ ላይ የጫናችሁት ፕሮግራም ሳጥኑን ሄዶ የሚከፍትላችሁ መልእክተኛ ነው።

መልእክተኛው ከሁለት ልማድ አንዱ ይኖረዋል። አንደኛው፣ ሳጥኑን ከፍቶ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ቤት ማምጣት ነው። ይኼ ፖፕ ይባላል። ዛሬም የምንጠቀምበት ሦስተኛው ዓይነት በፈረንጆቹ 1988 የወጣ ነው (ከዚህ በኋላም «በኛ» ካላልኩ ዓመቱ የፈረንጆቹ ነው)። ያኔ ሰርቨር ላይ ቦታ ውድ ነበር፤ የስልክ መስመርም ክፍት በቆየ ቁጥር ይቆጥራል። ቶሎ ገብቶ፣ ጠርጎ፣ መስመሩን መዝጋት ያዋጣ ነበር። ሁለተኛው ልማድ ዋናውን ደብዳቤ ሳጥኑ ውስጥ ትቶ ኮፒውን ማምጣት ነው። ያነበባችሁትን እዚያው ሳጥኑ ላይ ምልክት ያደርግበታል፤ የሰረዛችሁትን እዚያም ይሰርዘዋል። ይኼ አይማፕ ነው። በስልክ ያነበባችሁት ደብዳቤ ላፕቶፑም ላይ ተነቦ የሚጠብቃችሁ በሱ ምክንያት ነው።

የጋሼ ጂሜይል በአይማፕ የገባ ነበር። የድርጅቱን አካውንት ግን ድሮ አንድ ሰው በፖፕ አስገብቶላቸዋል። ይጠቀሙበት የነበረው ፕሮግራም ተንደርበርድ ነው። ተንደርበርድ በፖፕ ሲሠራ፣ ካልነካካችሁት በስተቀር፣ ያመጣውን ደብዳቤ ሳጥኑ ውስጥ ለ14 ቀን ያቆየውና ያጠፋዋል። የተረፈችው ያቺ ሁለት ሳምንት ናት። የቀረው ስምንት ዓመት የነበረው ላፕቶፑ ውስጥ ብቻ ነው፤ ላፕቶፑ ደግሞ ፎርማት ተደርጓል። ልጁ ዴስክቶፑን፣ ዶክመንቱንና ፎቶውን ቀድሞ ገልብጦ ነበር፤ ብዙም አልፈርድበትም። ተንደርበርድ ደብዳቤ የሚያስቀምጥበትን «አፕዳታ» የሚባል ፎልደር ዊንዶውስ ራሱ ይደብቀዋል። መኖሩን የማያውቅ ሰው አያየውም።

እናንተ ገና ካልቀየራችሁ ዛሬውኑ የምታደርጉት ቀላል ነው። አሁን ያለውን ፕሮግራም አካውንት ሴቲንግ ክፈቱ። ከገቢ ሰርቨሩ ስም አጠገብ 995 ወይም 110 የሚል ቁጥር ካለ ፖፕ ነው። 993 ወይም 143 ካለ አይማፕ ነው። ፖፕ ከሆነ ፎልደሩን ሳትገለብጡ ማሽኑን ለማንም እንዳትሰጡ።

ቀይራችሁ ከሆነም ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ። ዊንዶውስ ሳይፎርማት በላዩ ላይ የተጫነ ከሆነ ፋይሎቻችሁ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ናቸው። አንዳንዴም ሲ ድራይቭ ላይ «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚል ፎልደር ታገኛላችሁ፤ የድሮው ቤት ከነዕቃው ማለት ነው። ግን ብዙ አይቆይም። ወደ ድሮው ዊንዶውስ ለመመለስ የሚሰጣችሁ ጊዜ 10 ቀን ነው፤ ከዚያ ማሽኑ ራሱ ያጸዳዋል። ስለዚህ «ቅዳሜ አየዋለሁ» አትበሉ።

ተጭኖ የሚመጣው

ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ተጭኖ ባገኘው ይጠቀማል። ምንም ነውር የለውም። ችግሩ ማይክሮሶፍት ይህችን ፕሮግራም እንደ ሸሚዝ ይቀያይራታል። ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ አውትሉክ ኤክስፕረስ ነበር። ቪስታ ሲመጣ ዊንዶውስ ሜይል ሆነ። በ2009 ዊንዶውስ 7 ሲወጣ ጭራሽ ምንም አልነበረበትም፤ ዊንዶውስ ላይቭ ሜይልን ራሳችሁ አውርዱ ተባለ። የሱም ድጋፍ በጃንዋሪ 2017 ቆመ። ዊንዶውስ 8 እና 10 «ሜይል» የሚባለውን ይዘው መጡ። ያም በ2024 የመጨረሻ ቀን፣ በኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 መሆኑ ነው፣ ድጋፉ አበቃ። ዊንዶውስ 10 ራሱ ደግሞ በኛ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ተከተለው። አሁን ወንበሩ ላይ ያለው «አዲሱ አውትሉክ» ነው።

እዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። አውትሉክ የሚባሉ ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች አሉ። አንዱ ከኦፊስ ጋር የሚገዛው የድሮው ነው፤ «ክላሲክ» ይሉታል። ማይክሮሶፍት ቢያንስ እስከ 2029 ድጋፉን እንደማያቋርጥ ተናግሯል። መሥሪያ ቤታችሁ እሱን ከሰጣችሁና ከለመዳችሁት የሚያስቸኩላችሁ ነገር የለም። ሌላው ከዊንዶውስ 11 ጋር በነፃ የሚመጣው ነው። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ውስጣቸው ለየቅል ነው።

የነፃው አሠራር ልብ ሊባል ይገባል። ከላይ መልእክተኛው ከቤታችሁ ተነስቶ ሳጥናችሁን ይከፍታል ብያለሁ። አዲሱ አውትሉክ ግን ቁልፉን ከእናንተ ተቀብሎ ለማይክሮሶፍት ሰርቨር ይሰጣል። ሳጥናችሁን የሚከፍተው ያ ሰርቨር ነው። የደብዳቤዎቹ ኮፒም እዚያ ይቀመጣል። እናንተ የምታዩት ከማይክሮሶፍት መጋዘን የመጣውን ነው። ጂሜይልም ይሁን ያሁ፣ የመሥሪያ ቤታችሁም አካውንት ቢሆን ያው ነው። አካውንት ስትጨምሩ ይህን የሚገልጽ ጽሑፍ ይወጣል፤ ሁላችንም ሳናነብ «ቀጥል» የምንለው ዓይነት። ነገሩ በኖቬምበር 2023 ጀርመን ውስጥ ብዙ አነጋግሮ ነበር። የዚያን ጊዜው የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ኡልሪሽ ኬልበርም እንዳሳሰባቸው በይፋ ተናግረዋል።

ይኼን ስል ላስፈራራችሁ አይደለም። አድራሻችሁ ሆትሜይል ወይም አውትሉክ ከሆነ ደብዳቤያችሁ ድሮም ማይክሮሶፍት ጋ ነው ያለው፤ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። የሐኪም ቤት፣ የጠበቃ ወይም እንደ ጋሼ የሰው ሒሳብ የያዘ አካውንት ከሆነ ግን የደንበኞቻችሁን ደብዳቤ ለሦስተኛ ወገን እየሰጣችሁ መሆኑን እያወቃችሁ ይሁን። ሌላው፣ ገንዘብ ካልከፈላችሁ ከደብዳቤዎቹ መሐል ማስታወቂያ ይሰነቀራል። ደብዳቤ መስሎ ስለሚቀመጥ ጋሼ ሁለት ጊዜ ከፍተውታል።

ተንደርበርድና ሌሎቹ

እኔ ለሰው ስጭን ተንደርበርድ ነው የምጭነው። አዳልቼ ይሆናል፤ ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ በ2004 መጨረሻ የመጀመሪያውን ሙሉ ቅጂ አወጣ። ነፃ ነው፤ አካውንት አይቆጥርባችሁም። በ2012 ሞዚላ ሠራተኞቹን ወደ ሌላ ሥራ ስለወሰደ ሞተ ሲባል ነበር። ከ2020 ወዲህ ግን በሞዚላ ፋውንዴሽን ሥር ያለ ሌላ ኩባንያ ይዞታል፤ ወጪው የሚሸፈነው ከተጠቃሚዎች በሚመጣ መዋጮ ነው። አሁን ቶሎ ቶሎ ይታደሳል። በኦክቶበር 2024 ለአንድሮይድ ስልክም መጥቷል።

እኔን የሚማርከኝ ግን ደብዳቤ የሚያስቀምጥበት መንገድ ነው። እያንዳንዱ የደብዳቤ ፎልደር አንድ ፋይል ነው፤ ኤምቦክስ ይባላል። የጽሑፍ ፋይል ነው። ተንደርበርድ ነገ ከምድር ቢጠፋ ፋይሉን ኖትፓድ እንኳ ይከፍተዋል፤ ማማሩ ይቀራል እንጂ በግልጽ ጽሑፍ የተቀመጠውን ማንበብ ይቻላል። ክላሲክ አውትሉክ ደግሞ ሁሉንም ፒኤስቲ የሚባል አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ያጭቀዋል። ያንን በቀላሉ የሚከፍተው ያው አውትሉክ ራሱ ነው። ከአውትሉክ ወደ ተንደርበርድ መሄድ የሚፈልግ ሰው አውትሉኩን ሳያጠፋ፣ ሁለቱ አንድ ማሽን ላይ እያሉ ነው ማስገባት ያለበት። ቀድሞ አውትሉክን አጥፍቶ ፒኤስቲ ፋይል በፍላሽ ይዞ የሚመጣ ሰው በጣም ያሳዝነኛል።

ጉድለትም አለው። መልኩ ይጨናነቃል፤ መጀመሪያ ስትከፍቱት የት ልንካ ያሰኛል። ደብዳቤ ስትሰርዙ ዲስኩ ላይ የያዘውን ቦታ ወዲያው አይለቅም፤ «ኮምፓክት» የሚለውን ትእዛዝ እስክታገኝ ድረስ ፋይሉ እንዳበጠ ይቀመጣል። ከሁሉም በላይ ለኛ የሚከብደው መጀመሪያ ቀን ነው። አይማፕ ሲሆን የሳጥኑን ደብዳቤ በሙሉ ከነአታችመንቱ ማውረድ ይጀምራል። የጂሜይል ነፃ ቦታ 15 ጊጋባይት ነው። ሞልታችሁት ከሆነ በሞባይል ዳታ ይኼን ማውረድ ኪስ ያራቁታል። አካውንት ሴቲንግ ውስጥ «ሲንክሮናይዜሽን» የሚለው ገጽ ላይ የቅርብ 30 ቀን ብቻ አውርድ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ፣ ከዚያ ቡናችሁን ጠጡ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ኢኤም ክላየንት መልኩ ለአውትሉክ የቀረበ ነው፤ ለአውትሉክ ሰው ምቹ ነው። ነፃው ቅጂ ግን የአካውንት ቁጥር ይገድባል። ሜይልበርድ ያምራል፤ ጥሩ ጥሩው ነገሩ በክፍያ ነው። ቤተርበርድ የተንደርበርድ የአጎት ልጅ ነው፤ መነካካት ለሚወድ ሰው ይሆናል።

ላፕቶፓችሁ ለዊንዶውስ 11 አይበቃም ተብላችሁ ዊንዶውስን የሚተካውን ነፃ ሲስተም ሊኑክስ ሚንትን ያስጫናችሁ ካላችሁ፣ ተንደርበርድ ተጭኖ ይጠብቃችኋል። ከዊንዶውስ የገለበጣችሁትን የተንደርበርድ ፎልደር ወስዳችሁ ብትሰጡት ይቀበለዋል። ያረጀ ላፕቶፕ በበዛበት አገር ይኼ ትልቅ ነገር ነው።

በነገራችን ላይ፣ ያላችሁ አንድ ጂሜይል ብቻ ከሆነና ኔትወርክ ካላስቸገራችሁ ምንም መጫን የለባችሁም። ብሮውዘሩ ይበቃል። ፕሮግራም የሚያስፈልገው ሁለት ሦስት አካውንት ለሚያገላብጥ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ የአምናውን ደብዳቤ ማየት ለሚፈልግ፣ ወይም «ኮፒው እጄ ላይ ይሁን» ለሚል ሰው ነው።

ፓስዎርዱ ልክ ሆኖ እምቢ ሲል

አዲሱ ዊንዶውስ ላይ የድሮውን ፕሮግራም መልሳችሁ ጫናችሁ እንበል። ፓስዎርዱን አስገባችሁ። «ልክ አይደለም» አላችሁ። በብሮውዘር ስትገቡ ግን ይሠራል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተናዶ ፓስዎርድ ይቀይራል፤ አሁንም እምቢ ይላል።

ፓስዎርዱ ምንም አልሆነም። ጎግል ከሜይ 30 ቀን 2022 ጀምሮ ፕሮግራሞች ፓስዎርዳችሁን ይዘው በቀጥታ እንዲገቡ አይፈቅድም። ማይክሮሶፍትም በሆትሜይልና በአውትሉክ አድራሻዎች ላይ በሴፕቴምበር 2024 ተከተለ። አሁን ፕሮግራሙ የጎግልን የመግቢያ ገጽ ራሱን ይከፍትላችኋል፤ እዚያ ትገባላችሁ፤ ጎግል ለፕሮግራሙ የይለፍ ወረቀት ይሰጠዋል። ፓስዎርዳችሁን ፕሮግራሙ አያየውም። አሪፍ አሠራር ነው። ነገር ግን የ2010 አውትሉክ ይኼን አያውቅም። ለሱ ዓይነቱ ጎግል «አፕ ፓስዎርድ» የሚባል 16 ፊደል ይሰጣል፤ መጀመሪያ በአካውንታችሁ ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ማብራት ግዴታ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የድሮውን ፕሮግራም ለማዳን ከመታገል አዲስ መጫን ይሻላል።

አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አንድ የተረሳ ምክንያት ደግሞ አለ። የማሽኑ ትንሿ የሰዓት ባትሪ ስትሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ኮምፒውተሩ ያለነው 2015 ነው ብሎ ካመነ የሰርቨሩን የደኅንነት ወረቀት «ገና አልጸደቀም» ብሎ ይጥለዋል። ኢሜይሉ አይገባም። መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ። የሰዓት ክልሉንም «ናይሮቢ» በሚለው ላይ አድርጉት፤ ዊንዶውስ ለኛ ሰዓት የሚያስቀምጠው እሱን ነው። አለበለዚያ ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት የደረሰ ይመስላል።

አማርኛውስ?

አዲሱ ዊንዶውስ ላይ አማርኛ ጽሑፋችሁ ቅርጹ የተለወጠ ቢመስላችሁ አትደንግጡ። ኒያላ የሚባለው ፎንት ዊንዶውስ 10 ላይም ሆነ 11 ላይ በፈቃድ የሚጨመር ሆኗል፤ እሱ ከሌለ ጽሑፉን ኤብሪማ በሚባል ሌላ ፎንት ያሳያችኋል። ኒያላን የምትወዱ ከሴቲንግ ውስጥ ከተጨማሪ ፊቸሮች መካከል ማስገባት ትችላላችሁ።

ደብዳቤው የማይነበብ ዝብርቅርቅ ሲሆን ግን ሁለት ነገር ለዩ። እንግዳ ምልክት ከሆነ ፕሮግራሙ ፊደሉን በተሳሳተ መንገድ እየፈታው ነው። ተንደርበርድ ሜኑ ውስጥ «ሪፔር ቴክስት ኢንኮዲንግ» የሚል አለ፤ ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። በፊደሉ ቦታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ካያችሁ ግን ጽሑፉ መንገድ ላይ ጠፍቷል፤ የትኛውም ፕሮግራም አይመልሰውም፤ ላኪውን እንደገና ይላክልኝ ማለት ነው። ሌላም ዓይነት አለ። የኛ ፊደል ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደላት መዝገብ፣ ዩኒኮድ፣ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ አሮጌ ጽሑፍ፣ የራሱ ፎንት ከሌለ የእንግሊዝኛ ፊደላት ትርምስ ሆኖ ይታያል። ቫይረስ አይደለም።

ፍለጋም ላይ አትታለሉ። ተንደርበርድ «ዓመት» እና «አመት» አንድ ቃል መሆናቸውን አያውቅም። «ደመወዝ» ብሎ ለፈለገ ሰው «ደሞዝ» አይወጣለትም። ጋሼ የአንድ ደብዳቤ ፍለጋ ግማሽ ቀን ያጠፉት ላኪው በሐመሩ ሐ የጻፈውን እሳቸው በሃሌታው ሀ እየፈለጉ ነው። በላኪው ስምና በቀን መፈለጉ ያዋጣል።

ዕቃ ሲጓጓዝ

በመጨረሻ ጋሼን ምን እንዳደረግኳቸው ልንገራችሁ። ተንደርበርዱን መልሼ ጫንኩ። የድርጅቱን አካውንት በፖፕ ፋንታ በአይማፕ አስገባሁት። ሁለተኛው ነጋዴ ደግሞ የእሳቸውን የድሮ ፖፕ ደብዳቤ የያዘ ሌላ አሮጌ ማሽን እንዳለው ትዝ አላቸው፤ የሦስት ዓመት ደብዳቤ እዚያ ውስጥ ተገኘ። ያንን ለማዛወር የተጠቀምኩት ዘዴ ለማንም ይሆናል። አሮጌው ማሽን ላይ ያለው ፕሮግራም ውስጥ ያንኑ አካውንት በአይማፕ ጨመርኩበት፤ ከዚያ የድሮ ደብዳቤዎቹን በማውዝ ጎትቼ የአይማፑ ፎልደር ውስጥ ጣልኳቸው። ወደ ሰርቨሩ ወጡ። ላፕቶፑ በበኩሉ ከሰርቨሩ አወረዳቸው። ሁለቱ ፕሮግራሞች መተዋወቅም የለባቸውም። ሌሊቱን ሙሉ ፈጀ፤ ማለዳ ላይ ግን ሁሉም በቦታው ነበር።

ፎልደሩን እንዴት ወደ ፍላሽ እንደሚገለብጡም አሳየኋቸው። ተንደርበርድ ውስጥ «ሄልፕ»፣ ቀጥሎ «ትራብልሹቲንግ ኢንፎርሜሽን»፣ እዚያ «ፕሮፋይል ፎልደር» የሚለውን መክፈት፤ ፕሮግራሙን መዝጋት፤ ፎልደሩን እንዳለ መገልበጥ። «ኤክስፖርት» የሚል ትእዛዝም አለው፤ ከ2 ጊጋባይት በላይ ሲሆን ግን እምቢ ስለሚል ለሳቸው አልሆነም።

የቀረውን የአምስት ዓመት ደረሰኝ ነጋዴዎቹን በየስልኩ እየለመኑ ነው። «ልጄ፣ ‹ሰንት› የሚለውን የተላኩ ደብዳቤዎች ፎልደር ክፈቱና በኔ ስም ፈልጉ በላቸው» ይሉኛል፤ እኔም እየደወልኩ እላለሁ። እስካሁን የሁለት ዓመቱ ተልኮልናል። ፍላሹን በፕላስተር ጠቅልለው በላዩ «ኢሜይል» ብለው ጽፈውበታል፤ የሚያስቀምጡት ከቤቱ ካርታ ጋር ነው።